ከጄል ደውላ «ሕክምና አልፈልግም» ስትላችሁ

ልጅቷ ሐበሻ መሆኗን ያወቅኩት በአንድ ቃል ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የካውንቲ ጄል፣ በሴቶቹ ክፍል፣ የማታ ሺፍት ነርስ ነኝ። እዚያ ያሉት ሴቶች «ሚስ» ይሉኛል። ሲብስባቸው «ነርስ!» እያሉ በሩን ይደበድባሉ። አንድ ማታ የመድኃኒት ጋሪዬን እየገፋሁ ሳልፍ ከአንዱ በር ጀርባ በደከመ ድምፅ «ሲስተር» ሲባል ሰማሁ። ጋሪዬን አቆምኩ። እዚህ አገር ነርስን ሲስተር ብሎ የሚጠራ የኛ ሰው ነው።

ከታሰረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ስትወስደው የቆየችው ፈንታኒል የሚባል ኃይለኛ ድራግ ድንገት ተቋርጦባታል። ላብ አጥምቋታል። አፍንጫዋም ዓይኗም ይፈሳል። እግሯ አንድ ቦታ አላርፍ ብሏል። ሐራራ ነው። የቡና ሐራራ ራስ ያማል፣ የጫት ሐራራ ያነጫንጫል፤ ይሄኛው አጥንት ድረስ ገብቶ ያንቀጠቅጣል። መድኃኒት እንዳለ ነገርኳት።

«አልፈልግም ሲስተር። ውሃ ብቻ ይስጡኝ።»

እኔ ሞኟ ደግሞ፣ በአማርኛ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም ብዬ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ስለ ሱስ፣ ሱቦክሶን ስለሚባለው የሱስ መድኃኒት፣ ስለ ጤናዋ ስብከቴን አስነካሁት። ኮሪደሩ ላይ ከቆሙት ጠባቂዎች አንዱ ሐበሻ መሆኑን ረስቼዋለሁ። እሷ ግን አይታዋለች። ብርድ ልብሷን እስከ አናቷ ሳበች። ከዚያ በኋላ ለ9 ቀን «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

ያ ስህተቴ ስላልወጣልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዘው የሚጠይቁኝ እናቶችና እህቶችም አሉ። ግማሾቹ «ልጄ ታስራ ሕክምና ቢሰጧት እምቢ አለች፣ ምን ልበላት?» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «መድኃኒት ጀመርኩ ብላኛለች፣ እባክሽ አስቁሚልኝ» ይሉኛል። ለሁለቱም ወገን የምለው ከዚህ በታች ያለውን ነው። ልጅቷ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ቀያይሬዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ስልኩ ይቀዳል

ከጄል የሚደወል ስልክ ይቀዳል። በአማርኛም ቢሆን ይቀዳል፤ አስተርጓሚ ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ከማን እንደገዛች፣ ከማን ጋር እንደነበረች፣ እቃው የማን እንደነበር በስልክ አትጠይቋት። ጉጉት ይይዛችኋል፣ አውቃለሁ። ያንን ለጠበቃዋ ተዉት።

ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሕመሟ አውሩ። ጥሪው ብዙ ቦታ ከ15 ደቂቃ አያልፍም። የሚበዙት እናቶች 12ቱን ደቂቃ ያለቅሳሉ፣ በቀረችው 3 ደቂቃ ይመክራሉ። ስልኩ ተራ ተጠብቆ የሚያዝ መሆኑን አስቡት፤ ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ቆመው «አልጨረስሽም?» እያሏት ነው።

እና አንድ ቃል ተጠንቀቁ፦ «ለምን»። በኛ አገር አነጋገር «ለምን» ጥያቄ አይደለም፣ ክስ ነው። «ለምን እምቢ አልሽ?» ስትሏት የምትሰማው «እንዴት እንዲህ ታዋርጂናለሽ?» የሚለውን ነው። እኔ ከብዙ ኪሳራ በኋላ የተማርኳቸው ሁለት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ «ምኑ ነው የከበደሽ?» እና «ባለፈው ስትሞክሪ ምን ሆነ?» ከዚያ ዝም በሉ። የሐበሻ እናት ዝም ማለት እንደሚከብዳት በራሴ አውቀዋለሁ፣ ግን ዝም በሉ።

የትኛው «አልፈልግም» ነው?

«አልፈልግም» ሲባል ሕክምናውን የጠላች ይመስለናል። እዚያ ክፍል ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ሕክምናን ራሱን የጠላች ሴት ያጋጠመችኝ ጥቂት ናት። ብዙ ጊዜ ቃሉ ሌላ ነገር ሸፍኗል። የሸፈነውን ሳታውቁ ብትመክሯት ውሃ ወቀጣ ነው።

የኛዋ ልጅ ከ9ኙ ቀን በኋላ ነገረችኝ። ከመታሰሯ በፊት ማቆም ፈልጋ፣ አንዲት ጓደኛዋ ሱቦክሶን ሰጥታት ያለ ሐኪም ወስዳ ነበር። ፈንታኒሉ ከሰውነቷ ሳይወጣ ነው የወሰደችው። ሱቦክሶን ውስጥ ያለው ቡፕረኖርፊን የሚባለው መድኃኒት አእምሮ ላይ ያለውን ቦታ ከፈንታኒሉ ቀምቶ ይይዛል። ፈንታኒሉ በደንብ ሳይለቅ ከተወሰደ ሐራራውን በቀስታ በማስታገስ ፋንታ በአንድ ጊዜ ያወርድባታል። «ሞቼ ነው የተነሳሁት» አለችኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስሰብካት የነበረው ያንኑ መድኃኒት ነበር። እምቢታዋ ከልምድ የመጣ ነው፣ ከድንቁርና አይደለም። ሰዓቱን ጠብቆ ለሚጀምር ሰው ይህ ችግር በአብዛኛው እንደማይደርስ፣ ሌላ መድኃኒትም እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም።

ሌላው ሰልፉ ነው። ይህን ውጭ ያለ ሰው አያውቀውም። ጠዋት የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ስም ይጠራል። ሱቦክሶን የሚወስዱት ለብቻ ይሰለፋሉ፤ ማን ምን እንደሚወስድ በዚያው ይታወቃል። መድኃኒቷ እንደ ስስ ወረቀት ያለች ናት፣ ፊልም ይሏታል፤ ምላስ ሥር ትደረጋለች። እጅ ጉልበት ላይ ተደርጎ፣ ማውራት ተከልክሎ፣ እስክትቀልጥ 10 እና 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ውሃ፣ አንዳንዴ ደረቅ ብስኩት። በመጨረሻ ጠባቂዋ ባትሪ ይዛ ትመጣለች፦ አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ፣ ጉንጭሽን በጣትሽ ግለጪ። ይህ ሁሉ የሚደረገው መድኃኒቱ ተደብቆ ወጥቶ እንዳይሸጥ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን አንዲት ሴት ልጅነቷን በሰው እጅ ተደፍራ ያሳለፈች ከሆነ፣ በየጠዋቱ «አፍሽን ክፈቺ» መባል ምን እንደሆነ አስቡት። በዚያ ላይ ጉልበተኞቹ አሉ፤ «ነገ ሳትውጪ ካላመጣሽልኝ» የሚሉ። ያስፈራሯት ሴት የምታመልጠው «ሕክምናውን ትቻለሁ» ብላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማችሁ በወር አንዴ የሚወጋ የቡፕረኖርፊን መርፌ መኖሩን ንገሯት። ከ2017 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። በወር አንድ ጊዜ ከሆነ ሰልፍም፣ ባትሪም፣ አስፈራሪም የለም። ሁሉም ጄል አይሰጠውም፤ ግን የማይጠየቅ ነገር አይሰጥም።

ልጆች ያሏት ሴት ሌላ ሒሳብ አላት። «ሱሰኛ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ ልጆቼን ይወስዱብኛል» ትላለች። ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር፣ ማለትም መንግሥት በመደበው አሳዳጊ እጅ፣ ከቆየ፣ ስቴቱ የወላጅነት መብቷ እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል። ከዚህ ውጭ የሚሆኑባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ አንዱ ልጁ በዘመድ እጅ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ከምክር የሚበልጥ ሥራ መሥራት ይችላል። አያት ወይም አክስት ልጁን ተረክባ በሥርዓቱ ካስመዘገበች፣ የእናትየዋ ፍርሃት ግማሹ ይለቃል። እኔ ባየኋቸው ጉዳዮች ዳኛ ፊት የሚጠቅመው ሕክምና መከታተሏ ነው። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ይህን በደንብ ያዙ፦ በራሷ ድንገት ማቆም የለባትም። ለእርጉዝ ሴት የሚመከረው ሜታዶን የሚባለው ሌላው የሱስ መድኃኒት ወይም ቡፕረኖርፊን ነው። ልጁ ሲወለድ ሐራራ ሊታይበት ይችላል፤ ሐኪሞች ያውቁታል፣ ይታከማል።

ከኛ ሰው ጋር በተለይ የሚመጣው ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ። ይህን ጉዳይ በቀላሉ አትዩት፣ ምክንያቱም እሷ ልክ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በጄሉ ክሊኒክ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው፣ የሱስ ሕክምና መዝገብንም ጥብቅ የፌዴራል የምሥጢር ደንብ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት የሚያቀርበው «ጥፋትሽን አምነሽ ፈርሚ፣ ሪሃብ ግቢ፣ ክሱ ይሰረዝልሻል» የሚል ስምምነት ነው። ስቴቱ ክሱን ቢሰርዘውም፣ ጥፋተኛነቷን ካመነችና የተወሰነ ገደብ ከተጣለባት፣ ኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጥረው ይችላል። የድራግ ጥፋተኝነት ደግሞ ለመባረር ምክንያት ነው፤ ለግል መጠቀሚያ የተያዘ እስከ 30 ግራም የሚደርስ ማሪዋና፣ ያውም አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ይቀራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የተከላካይ ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ጠበቃዋን «ዜጋ አይደለችም፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክረሃል?» በሉት። ክሊኒኩን በተመለከተ ደግሞ «ትታከሚ፣ ሌላው ሌላ ነው» በሏት። ሁለቱን ያምታታች ሴት ሁለቱንም እምቢ ትላለች።

የሚያስቁም አሉ። የኛዋ ልጅ በመጨረሻ ስትከፈትልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሜታዶን ያወፍራል አሉ፣ እውነት ነው?» የሚል ነበር። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እውነት ነው፣ አንዳንዶቹ ይወፍራሉ፣ ያልባቸዋል፣ ሆድ ድርቀት ይይዛቸዋል። አልዋሸኋትም። «አጥንት ይበላል» የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ አጥንት የሚያማቸው ብዙ ጊዜ መጠኑ አንሶ ሐራራው ሲነካካቸው ነው። ሌላም ልንገራችሁ፣ እናቶች የማይጠይቁኝን። ኦፒዮይድ፣ ማለትም ፈንታኒልን የመሰለ ድራግ፣ የወር አበባ ያዛባል፣ ያቋርጣልም። ስትታከም ይመለሳል። «እኔ አላረግዝም» ብላ ለዓመታት የኖረች ሴት ድንገት የምታረግዘው ያኔ ነው። ስለ እርግዝና መከላከያ እዚያው ውስጥ እያለች ብትጠይቅ መልካም ነው።

እና ደግሞ «ይገባኛል» የሚሉ አሉ። ስቃዩን እንደ ንስሐ ይዘውታል። እናቴን አስለቅሻለሁ፣ ልጄን ጥያለሁ፣ ስለዚህ ልንዘፍዘፍ። ይህን ያስተማርናት እኛው እንዳንሆን። በስልክ «ይበልሽ» ያላት አባት አውቃለሁ። ለዚህ ዓይነቷ ሴት የመድኃኒት ማብራሪያ አይጠቅማትም። «ቁርስ በላሽ?» ብላችሁ ጀምሩ።

«ንጹህ ሆና ትውጣ»

የቤተሰብ ተወዳጅ ሐሳብ ይሄ ነው። «6 ወር ታስራለች፣ ከሰውነቷ ወጥቷል፣ አሁን ደግሞ ሜታዶን? ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እኔም ነርስ ሆኜ መጀመሪያ እንደዚሁ አስብ ነበር፤ አላፍርበትም።

ሰውነት ይረሳል። በየቀኑ ስትወስደው የለመደችውን መጠን፣ ከወራት እስር በኋላ አይችለውም። አእምሮዋ ግን አልረሳም። ወጥታ በአንድ ክፉ ቀን የድሮዋን ያህል ስትወስድ ትንፋሿ ይቆማል። በ2007 ከዋሽንግተን ስቴት እስር ቤቶች የወጡ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ከወጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ ነበር። በድራግ ኦቨርዶዝ፣ ማለትም ከልክ በላይ በመውሰድ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 129 እጥፍ። እኔ ይህን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ ሴት ስትፈታ «እንኳን ደስ አለሽ» ብቻ ብዬ መሸኘት አቃተኝ።

ሮድ አይላንድ በ2016 በስቴቱ እስር ቤት ሦስቱንም መድኃኒቶች፣ ማለትም ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊንና ናልትሬክሶን፣ ለታሳሪዎች ማቅረብ ጀመረች። የ2016ን የመጀመሪያ 6 ወር ከ2017ቱ ጋር ሲያስተያዩት፣ ከእስር በቅርብ ከወጡት መካከል በኦቨርዶዝ የሞቱት በ61 ከመቶ ቀነሱ። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ኒው ዮርክ ራይከርስ ደሴት ያለው እስር ቤት ሜታዶን መስጠት የጀመረው በ1987 ነው።

ለእናቶች ግን ቁጥር አልነግራቸውም። መቋሚያ ነው የማነሳላቸው። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ካህናቱ መቋሚያ ይደገፋሉ። «እኚህ ሰውዬ መቆም አይችሉም፣ በዱላ ተክተውታል» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሜታዶኑ እንደዚያ ነው፤ ሌሊቱ እስኪነጋ። ለአንዷ ሌሊቱ አንድ ዓመት ነው፣ ለአንዷ አሥር። በልክ የምትወስድ ሴት አትመረቅንም፣ አታንቀላፋም፤ ሥራ ትሄዳለች፣ ልጇን ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ቀጥ ብላ ቆማለች ማለት ነው።

ጸበልን በተመለከተ፦ ውሰዷት። ማንም አይከለክላችሁም። ግን «ጸበል ስትጀምሪ መድኃኒቱን ጣዪው» የሚላትን አትስሙ። ይህን ጭቅጭቅ በኤች አይ ቪ ጊዜ ጨርሰነዋል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እያቋረጡ ብዙ ሰው አለቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በኛው አቆጣጠር፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ወጥተው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው ተናገሩ። ይህን ሳነሳላቸው ፊታቸው የሚፈታ እናቶች አይቻለሁ። እንዲያውም አንዷ «ታዲያ ይሄም ያው አይደል» ብላኝ ሄደች።

እምቢ ቢሏት

አንዳንዴ እሷ እሺ ብላ ጄሉ ነው እምቢ የሚለው። ሜሪላንድ ውስጥ በ2019 የወጣ ሕግ የካውንቲ ጄሎች ለኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት እንዲያቀርቡ ያዛል። ሌላ ስቴት ከሆነች ይለያያል። ነገር ግን ከመታሰሯ በፊት በሐኪም ትዕዛዝ ትወስድ ከነበረ ጠንካራ መከራከሪያ አላት። ሜን ስቴት ውስጥ ብሬንዳ ስሚዝ የምትባል ሴት በቀላል ጥፋት የ40 ቀን እስር ተፈርዶባት፣ ጄሉ ቡፕረኖርፊኗን እንደማይሰጣት ሲታወቅ፣ ሳትገባ ከሰሰች። በ2019 ፍርድ ቤቱ እንዲሰጣት አዘዘ፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። በ2022 ደግሞ የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት፣ በሐኪም የታዘዘን የሱስ መድኃኒት ጄል ውስጥ መከልከል የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ሊጥስ እንደሚችል በጽሑፍ አሳውቋል።

እናንተ የምታደርጉት ይህን ነው፦ የፋርማሲውን ወይም የክሊኒኩን ስምና ስልክ፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ መጨረሻ የወሰደችበትን ቀን ጽፋችሁ በገባችበት ቀን ለጄሉ የሕክምና ክፍል አድርሱ። ነገ አትበሉ። እሷ ደግሞ ውስጥ ሆና የሕክምና መጠየቂያ ፎርም ትሙላ፣ ቀኑን ትጻፍበት፣ ኮፒ ትጠይቅ። በቃል የተጠየቀ ነገር አልተጠየቀም ነው የሚሉት። ለጠበቃዋም ንገሩ።

አንድ ወረቀት ደግሞ አትርሱ። እሷ ካልፈረመች እኔ ስለ ጤናዋ ለእናቷ ትንፍሽ ማለት አልችልም። በስልክ የሚሰድቡኝ አሉ፤ «ልጄ እኮ ናት!» እውነት ነው፣ ልጅዎ ናት፣ ግን ገበናዋ የራሷ ነው። «ከነርሷ ጋር እንድነጋገር ፈርሚልኝ» በሏት። ካልፈረመች አትኳረፉ። እኔ በሩ ላይ ያደረግኩትን አስታውሱ። እምነቷ የሚመለሰው ገበናዋን የያዘላት ሰው ስታገኝ ነው። አስተርጓሚም ካስፈለጋት በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው ትጠይቅ። በአንድ እድር ያሉ ሰዎች መሐል ስለ ሱስ ማውራት ለሐበሻ ሴት ከሐራራው ይብሳል።

የምትወጣበት ቀን

ጄል ሰው በእኩለ ሌሊት መፍታት ይችልበታል። ምሽት 4 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ። ስለዚህ ቀኑ ሲቃረብ ስልካችሁን ድምፁን አትቀንሱት። ማንም ካልመጣላት በር ላይ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ከመውጣቷ በፊት የክሊኒክ ቀጠሮዋ ተይዞ ይሁን። ሱቦክሶን ከሆነ ማዘዣ ይዛ ፋርማሲ መሄድ ትችላለች። ሜታዶን ግን ለሱስ የሚሰጠው ፈቃድ ባለው ክሊኒክ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትሄዳለች። ማን እንደሚያደርሳት ከወዲሁ ወስኑ። ሜዲኬይዷ፣ የመንግሥት የጤና መድኗ፣ በእስሩ ምክንያት ታግዶ ሊሆን ስለሚችል ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ቀድማ እንድታስነሳው ጠይቁ። ወደ ቤት የምትወስደው ሜታዶን ከተሰጣት በቁልፍ ይቀመጥ። ለለመደ ሰው መድኃኒት የሆነው ለሕፃን ገዳይ ነው። ከአልኮልና ከእንቅልፍ ክኒን ጋርም አይስማማም።

ናርካን ግዙ። ኦቨርዶዝ ያደረገን ሰው ትንፋሽ የሚመልስ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ብዙ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በነጻ ይሰጡታል። ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ካንኮራፋች ወይም ትንፋሿ ከራቀ፣ ስትጠሯትና ደረቷን በጣታችሁ አንጓ ስታሿት ካልነቃች፣ 911 ደውሉ። አንዱን አፍንጫዋ ውስጥ እስከ መጨረሻው ተጫኑት። መተንፈስ ካቃታት ተንፍሱላት። በ2 ወይ 3 ደቂቃ ካልነቃች ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ። ስትነቃ በጎኗ አስተኟት እንጂ ትታችሁ አትሂዱ። ሐራራ ይዟት ልትሰድባችሁ ትችላለች፤ ይሁን። ናርካኑ ከፈንታኒሉ ቀድሞ ኃይሉን ሊጨርስ ስለሚችል አምቡላንሱ እስኪመጣ ጠብቁ። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ ደግሞ አትፍሩ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለኦቨርዶዝ እርዳታ የጠራን ሰው ድራግ ይዞ በመገኘት ከመታሰር የሚከላከል ሕግ አለ። ናርካኑን የበርበሬ ማሰሮ አጠገብ አትደብቁት። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ቦታውን ይወቅ፣ ልጅም ቢሆን።

ድግስ አትደግሱ። ይህን የምለው ጠልቼ አይደለም። 30 ሰው ጠርታችሁ፣ ጠላና ቢራ አሰልፋችሁ፣ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» እያላችሁ ስታለቅሱባት፣ ይሉኝታው ራሱ ወደ መታጠቢያ ቤት ያስገባታል። ሽሮ ሠርታችሁ ከእናቷ ጋር ትብላ።

የኛዋ ልጅ በመጨረሻ ሜታዶን ጀመረች፤ በትንሹ፣ ቀስ እየተባለ። ሕክምናዋን ሳታቋርጥ አንድ ረቡዕ ምሽት ተፈታች። እናቷ መኪና ውስጥ ናርካን፣ ነጠላና በፎይል የተጠቀለለ ጥብስ ይዛ ነበር የጠበቀቻት። ሁሉን አሟልታለች። ክሊኒኩ በማግሥቱ «5፡30» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷታል። እናት በሐበሻ ሰዓት ቆጠረችው። ልጇን አስተኝታ፣ ቁርስ አብልታ፣ ረፋድ ላይ በፈረንጅ 11፡20 ክሊኒኩ በር ደረሱ። መድኃኒት መስጫው በፈረንጅ 11 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። የዚያን ቀን ሳትወስድ ዋለች። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ስትቆጥር አደረች፤ በኋላ እሷው ነገረችኝ። በማግሥቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበሩ፣ ከሁሉም ቀድመው።

እኔም አሁን ለሐበሻ ቤተሰብ ቀጠሮ ስጽፍ ሁለቱንም ሰዓት እጽፋለሁ። በፈረንጅ 5፡30፣ ከንጋቱ 11፡30። ከሥሩ አሰምርበታለሁ።